ቦራ ግንዱን ሲሻገር

ብቸና
መስከረም 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ባንተአምላክ፣

ቦራ ተሻገረ። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርህ፤ የቀረውን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ እንዳትለኝ። በሕይወት እያለህም ለጻፍኩልህ መልሰህ አታውቅም።

ውሻህ ከቀብርህ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነበር። ያን ቀን ሞጣ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስለማይገባ በር ላይ ተኝቶ ቀረ፤ ሕዝቡ ሲበተን ተነስቶ እኔን ተከተለኝ። ሰው ሁሉ «የጌታውን ጓደኛ ለየ» እያለ አደነቀ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ለአርባህ እናትህ «የልጄን ውሻ ይዘህልኝ ና፣ ካሁን በኋላ ከእኔ ጋር ይኑር» ብለው ላኩብኝ። በአይሱዙ ጭነት ላይ አድርጌ ወሰድኩት። እናንተ ቤት ከመድረስ በፊት ያለችውን ጅረት፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ የተጋደመባትን፣ ቦራ ቡችላ ሳለ በሩጫ ነበር የሚሻገራት። ያን ቀን ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተንቀጠቀጠ፤ ሽንቱ አመለጠው። ተሻግሬ ከማዶ ብጠራው ጭራሽ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ተሸክሜው ልሻገር ስል ክንዴን ነከሰኝ።

እናትህ ከማዶ ሆነው ያያሉ። «ተወው ልጄ፣ በግድ አይሁን። ልጄን መጨረሻ ያየው እሱ ነው፤ ፈርቶ ነው። በእግሩ ሲመጣ ይምጣ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አንተስ ምን ታደርግ? ውሃው ይጉደል ብለህ ለምነኸው እምቢ ብሎ ግንዱ ላይ የወጣ እሱ። ግትር ነበር ልጄ» አሉኝ።

ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሐሰት መሆኑን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር።

እናም ቦራን ይዤው ተመለስኩና ላስተምረው ተነሳሁ። አያ ጓዴን አታውቃቸውም፤ አንተ ካለፍክ በኋላ ነው ጎረቤቴ የሆኑት። ፖሊስ ነበሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ውሻ ሲያሠለጥኑ የኖሩ። የፖሊስ ውሻ በጣውላ ላይ ይሄዳል፣ በበርሜል ውስጥ ይሾልካል፣ አጥር ይዘላል፤ ሲጀምር ግን ሁሉም ይፈራል አሉኝ። «ፍርሃቱን አትጣላው። ጣውላውን መሬት ላይ አጋድምለት፤ መሬት ላይ ያለ ጣውላ ማንንም አይጥልም። ሲለምደው አንድ ጡብ ከሥሩ ታስገባለህ።»

ግቢዬ ውስጥ ጣውላ አጋደምን። የመጀመሪያውን ሳምንት ቦራ ዞሮት ነበር የሚያልፈው። ሳንባ እየገዛሁ ጫፉ ላይ አኖርለታለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ስለተዘጋ በቂጣ ተካሁት፤ ከእኛ ጋር ጾመ። ጠጅ የምትሸጠው ፈንታነሽ በአጥር አሾልቃ እያየች፣ «ሰው ልጁን ፊደል ያስቆጥራል፣ የኔሰው ውሻውን ጣውላ ያስቆጥራል» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ይመስለኛል።

ጣውላው በሁለት ጡብ ከፍ ሲል አንድ ነገር ገጠመን። አያ ጓዴ ከወዲያ ጫፍ ሲጠሩት ይመጣል። እኔ ስጠራው መሃል ላይ ይተኛል። ቦታ ተቀያየርን፣ ያው ነው። አንድ ቀን እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ምን እያልክ ነው የምትጠራው?»

«ና ነዋ። ና፣ ምንም አይልህም።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ቦራ ከጣውላው ዘሎ ወርዶ አጥሩ ሥር ተሸጎጠ።

«ይህ ውሻ እንጨት አይደለም የሚፈራው» አሉ አያ ጓዴ። «ይህን ቃል ካንተ አፍ የት ነው የሰማው?»

ቦራን ከአጥሩ ሥር ላወጣው ሄድኩ። አንተ ግን ታውቃለህ። ለከብት ክትባት ገጠር በወጣንበት ወንዝ ላይ የነሐሴ ውሃ ግንዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ቀድሜ ተሻግሬያለሁ፤ በረዶና ክትባት የያዘው ሳጥን ያንተ ትከሻ ላይ ነው። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ከዳገቱ በላይ፣ ድምፃችን ከማይደርስበት ይጠብቁናል። «የኔሰው፣ ውሃው ትንሽ ይጉደል» አልከኝ። ቃሉ ያንተ ነበር፤ በኋላ ሰርቄህ ለራሴ አደረግሁት። እኔ ያልኩህ ሌላ ነው። «በረዶው እየቀለጠ ነው እኮ! ፈራሁ በልና መጥቼ ሳጥኑን ልውሰድልህ!» ፈራሁ ከምትል ሞትህን እንደምትመርጥ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልኩህ። ግንዱ ላይ ወጥተህ መሃል ላይ ስትቆም «ና፣ ምንም አይልህም» አልኩህ። ቦራ ከኋላህ ነበር። ሲያንሸራትትህ፣ ውሃውም ይዞህ ሲሄድ እንኳ ሳጥኑን አልለቀቅክም።

አያ ጓዴ ከጠየቁኝ ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ ምስክር ያለ ይመስለኝ ጀመር። እራት ስበላ ቦራ ከበሩ ሥር ተኝቶ ያየኛል። ለክትባት ገጠር ስወጣ ወንዝ ዳር እቆምና ድምፅህን እሰማለሁ፤ ውሃው ትንሽ ይጉደል ትለኛለህ። በግንድ መሻገር ትቼ እስከ ድንጋይ ድልድዩ ግማሽ ቀን ዞሬ እሄዳለሁ። ሰው «ና» ብዬ መጥራት አቃተኝ፤ ሻይ ቤት እንኳ በእጄ ነው የምጠራው።

አያ ጓዴ ደግመው አልጠየቁኝም። «አንተ ዝም በል፣ ከጎኑ ብቻ ሂድ» አሉ። ዝም ብዬ ከጎኑ ሄድኩ። በግንቦት ቦራ በጉልበቴ ከፍታ ላይ ጭራውን እያወዛወዘ ይሄድ ነበር።

ለሙት ዓመትህ ነሐሴ ላይ ሞጣ ወሰድኩት። እንግዳ ሳይሰበሰብ በማለዳ ጅረቷ ዳር ደረስን። እናትህ ከማዶ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። «ቦራ! ቦራዬ!» አሉት። አንድ እግሩን አሳረፈ፣ ከዚያ ሌላውን። መሃል ላይ ሲደርስ ቆሞ ዞሮ አየኝ። ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩለት። መልሼ ሳይ ጭንቅላቱን ቀሚሳቸው ላይ አኑሯል፤ እናትህ እየሳቁ ያለቅሳሉ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ «ምነው ቆምክ? ና እንጂ ልጄ፣ ምንም አይልህም» አሉኝ።

ግንዱ ላይ መውጣት አልቻልኩም። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ውሃው ስለሚጮህ መጀመሪያ አልሰሙኝም፤ ያንኑ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ መናገር ነበረብኝ።

«ልጄ ፈርቶ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ። ውሃው ይጉደል ያለው እሱ ነው።»

«እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ስቆጣው ኖርኩ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ግትር፣ የእናትህን ዕንባ የናቅህ ስለው…» አልጨረሱትም። የቦራን አንገት ያዙ። «መሻገር ከፈለግህ ተሻገር» አሉኝ። «እኔ ግን አልጠራህም።» ከውሻው ጋር ገቡ።

አልተሻገርኩም። ተመለስኩ።

ጣውላው አሁንም ግቢዬ ውስጥ አለ። አያ ጓዴ ሌላ ጡብ ጨመሩበት፤ ማለዳ ማለዳ ሥራ ከመግባቴ በፊት እሄድበታለሁ። መሃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ አንተም የቆምከው እዚያ ላይ ነበር። ፈንታነሽ ታየኛለች፣ ግን መሳቁን ትታዋለች።

ለኅዳር ሚካኤል ሞጣ እወጣለሁ። ከማዶ የሚጠራኝ እንደማይኖር አውቃለሁ። ቢሆንም በእግሬ እሻገርና በራቸው ላይ እቆማለሁ፤ ከከፈቱልኝ እገባለሁ፣ ካልከፈቱልኝም እዚያው እቆያለሁ። ፈርቻለሁ፣ ባንተአምላክ። ቃሉን እኔ ልበለው።

ና ያልኩህ፣
የኔሰው