የእናትህ የግፊት ኪኒን

ነስሩዬ፣ አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህን ሰፊ ያድርግልህ።

ከተለየኸን ሁለተኛው አረፋ አለፈ። የመጀመሪያው አረፋ ላይ ቤቱ ገና በለቅሶ ሰው የተሞላ ስለነበር አለመኖርህ በደንብ አልገባኝም ነበር። ዘንድሮ ግን ወንድሞችህ ከአዲስ አበባ መጥተው በሬው ሊታረድ ሲል፣ አንተ ትስለው የነበረውን ቢላዋ ማን ይሳል ተባባሉና ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ያኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቤታችን ደህና ነው። የበርበሬ ንግዱን አልተውኩትም፣ ቡታጅራ ገበያ ላይ ያንተ ቦታ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ልጃችን ሐያት ወልቂጤ ትማራለች፣ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። እናትህም አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን የምጽፍልህ ግን በእሳቸው ነገር ነው። ለሰው ያላወራሁትን ጭንቀት ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

የወሰደህ ግፊት መሆኑን ሐኪሞቹ ከነገሩን ወዲህ የድሮዋ ራሕማ አይደለሁም። ያን ቀን ጠዋት ራሴን ትንሽ ከበደኝ ብለህ ጆንያ ልታስጭን ወጣህ፣ ከሰዓት በኋላ በሰው ሸክም ተመለስክ። ምንም አያምህም ነበር እኮ። የማያም ነገር ሰውን እንዲህ ይወስዳል ብዬ መች አስቤ አውቃለሁ? አሁን ሰው ደህና ነኝ ሲለኝ ነው የምደነግጠው።

ሐያት ጭንቀቴን አይታ ስልኬ ላይ ጤና የሚያስተምሩ ዶክተሮች አወጣችልኝ። ወላሂ፣ አሁን ከዘመድ ይልቅ እነሱን አውቃቸዋለሁ። መነጽር የሚያደርገው ጨው ቀንሱ ይላል። ቀጭኗ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት ስልካችሁን አስቀምጡ ትላለች፤ እኔ እሷን የማያት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው። ሌላው አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ አትዋሉ፣ በየመሃሉ ተነሱ ብሎ አስጠነቀቀ። እሱን ሰምቼ በርበሬዬ ፊት ተነስቼ ቁጭ፣ ተነስቼ ቁጭ ስል አጠገቤ ያሉት ሴቶች ሳቁብኝ። አንዷማ የሆነ ነገር ነክሷት ነው ብላ የተቀመጥኩበትን ጆንያ ገልጣ ፈተሸች። በቅቤ ነገር ግን ዶክተሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ከነጭራሹ ተውት ይላል፣ ሌላው ልክ ካላችሁ ችግር የለውም ይላል። ለጉራጌ ቤት ይሄ ቀልድ ነው እንዴ? መሃል ላይ ልሁን ብዬ የክትፎውን ቅቤ ቀነስኩት። እናትህ አንዴ ቀመሱና ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው ብለው ገፉት።

እውነትም በሽተኛ ሆነው ነበር፣ ነስሩ። ከሰደቃህ በኋላ ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስለካቸው የእሳቸውም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። በየቀኑ ጠዋት አንድ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ሐያት ደግሞ ቤት የሚቀመጥ መለኪያ ይዛልኝ መጣች። ዶክተሮቹ እንዳስተማሩኝ መጀመሪያ ጥቂት አሳርፋቸዋለሁ፣ ጀርባቸውን አስደግፋለሁ፣ እግራቸውን መሬት አስረግጣለሁ፣ ክንዳቸውን ትራስ ላይ አደርጋለሁ። ሲለኩ ማውራት ክልክል ነው። እናትህን ዝም ማሰኘት ምን እንደሆነ ደግሞ አንተ ታውቃለህ። መሣሪያው መነፋት ሲጀምር ነው ድሮ የሞተ ሰው ሁሉ ትዝ የሚላቸው።

ግፊታቸው ግን አልወርድ አለ። ጨዉን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ አልወረደም። እግር ማፍታታት ጥሩ ነው ተብሎ ከአስር ሰላት በኋላ ከከተማው በሚያወጣው መንገድ ይዣቸው መውጣት ጀመርኩ፤ በየደጁ ቆመው የሰው ጤና፣ የከብት ጤና ሲጠይቁ መግሪብ ይደርስብናል እንጂ ያንን እንኳን መራመድ አልለውም። ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን ከእጄ ተቀብለው ውሃውን ሲጠጡ በዓይኔ አያለሁ። ቀኑ እየሄደ የማስቀመጫው ኪኒንም እየቀነሰ፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ሲያንቀላፉ ሄጄ ትንፋሻቸውን ማዳመጥ ጀመርኩ። አንተን በአንድ ቀን አጣሁህ፣ እሳቸውን ደግሞ እያየሁ ላጣቸው ነው አልኩ። ሐያት በደወለች ቁጥር እየሳቅኩ አወራታለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ መለኪያውን አነሳለሁ። በመጨረሻ ነርሷ ያለው መድኃኒት አልሠራም ብላ ጠንከር ያለ ጨመረችላቸው።

እትዬ ብርቄን፣ የአጥር ጎረቤታችንን፣ ታስታውሳቸዋለህ። በለቅሶህ ጊዜ ከእናትህ ጎን ፍራሽ ላይ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። አንዳቸው እስላም፣ አንዳቸው ክርስቲያን፣ ከሥጋ በቀር የማይካፈሉት ነገር የለም። እሳቸው ሲጾሙ ከኛ ቤት ጎመን ይሄዳል፣ እኛ ስንጾም ለማፍጠሪያ የገብስ ሾርባ ከእሳቸው ይመጣል። አንዷ ቤት ቆጮ ከተቆረጠ ለሌላዋ ሳይደርስ አፍ አይገባም። እናቴ ብትኖር እንዲህ ያለች ጓደኛ በኖረቻት እያልኩ እቀናባቸው ነበር።

አዲሱ መድኃኒት ከመጣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ማለዳ እትዬ ብርቄ ወደኛ ሲመጡ፣ የአጥሩ በር ላይ ተዘረሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። እናትህ አልቀርም ብለው ነጠላቸውን እንኳን ሳያስተካክሉ ተከተሉን። ነርሷ ስትለካ የእትዬ ብርቄ ግፊት በጣም ወርዷል። ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት ብላ ጠየቀች። እትዬ ብርቄ ዞረው እናትህን አዩ። እናትህ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተናገሩ።

«ከኔው ላይ ነው የምትወስደው።»

ነገሩ እንዲህ ነው ለካ። እትዬ ብርቄም ድሮ ተለክተው ግፊት አለብዎት ተብለዋል። ወንድማቸው መድኃኒት በጀመረ በጥቂት ጊዜ ስለሞተ ግን የገደለው መድኃኒቱ ነው ብለው፣ ጤና ጣቢያ አልረግጥም ብለው ማሉ። እናትህ አንተን የወሰደህ ምን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ከጤና ጣቢያ አልቀበልም ያሉት ሴትዮ ከእናትህ እጅ ሲሆን ተቀበሉ። አንድ ቀን እናትህ ይውጣሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ኪኒኑን ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ውሃውን ብቻ ይጠጡና፣ እኔ ወደ ገበያ ስወጣ ለእትዬ ብርቄ ያደርሳሉ። ጠንካራው ሲመጣም እንደ ቆጮው ተካፈሉት። ነርሷ ራሷን ይዛ ቀረች። ለአንዷ የታዘዘ ለሌላዋ እንደማይሆን፣ አንድ ቀን ተውጦ አንድ ቀን የሚዘለል ኪኒንም ግፊት እንደማይዝ አስረዳቻቸው። እናትህ ግማሽ ታክመው፣ እትዬ ብርቄ የማይሆናቸውን ውጠው፣ ሁለቱንም ልናጣቸው ነበር።

ተናደድኩ፣ ነስሩ። በሕይወቴ እናትህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ያን ቀን አደረግኩት። እኔ እዚህ ጨው እየቆለፍኩ፣ ቅቤ እየቀነስኩ፣ በየቀኑ በፍርሃት እያለቅኩ እንዴት እንዲህ ይደረጋል አልኩ። እሳቸው አልተቆጡም። እጄን ያዙኝ።

«ይሄ በሽታ ልጄን ወሰደብኝ። እሷን ደግሞ እያየሁ ብቻዬን ድኜ ምን ላደርግ ነው?»

እነዚያ ሁሉ ዶክተሮች ምን እንደምንበላ፣ እንዴት እንደምንተኛ ነገሩኝ፣ ልክም ናቸው። እናትህ መዳንን ብቻቸውን አልበላ እንዳሉ ግን ማን ይነግረኛል?

ነርሷ አላህ ይስጣት፣ ሳትሰለች የወንድማቸውን ነገር ለእትዬ ብርቄ አስረዳቻቸው፤ የገደለው መድኃኒቱ ሳይሆን ለሕክምና ዘግይቶ መምጣቱ ሊሆን ይችላል አለቻቸው። አሁን የራሳቸው ካርድ፣ የራሳቸው ኪኒን አላቸው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አጥሩ ጋ ይገናኙና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይውጣሉ። ከዚያ አፍ ከፍተው ይተያያሉ። የእናትህ ቁጥር መውረድ ጀምሯል፣ ገና ነው፣ ግን ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሁለቱንም ይዤ ስሄድ ነርሷ ዞር ብላ አንቺስ መቼ ተለካሽ አለችኝ። ቤታችን ባለው መሣሪያ ሰፈሩን ሁሉ ለክቼበታለሁ፣ የራሴን ክንድ ግን አስገብቼበት አላውቅም። ፈርቼ ነዋ። ቁጥሩ ከፍ ቢል ሐያትን ምን እላታለሁ? አባቷን ቀብራ ገና አልተነሳችም እኮ። እናትህ ግን ክንዴን ራሳቸው ገልጠው ሰጧት። ከፍ ብሏል። ብዙ አይደለም፣ በአንድ ቀን ልኬትም አይወሰንም፣ ሰኞ ተመልሰሽ ነይ አለችኝ።

ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ እናትህ እጃቸውን ቀሚሳቸው ደረት ውስጥ ሰደዱና ኪኒናቸውን አወጡ። ግራ ቀኝ አይተው፣ ያን ሁሉ ምክር እንዳልተመከሩ፣ ዘረጉልኝ። እትዬ ብርቄ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ግን አለቀስኩ። በቀብርህ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ መንገድ ዳር አለቀስኩት። ኪኒኑን እጃቸው ላይ መልሼ ጨበጥኩላቸውና የራሴን እወስዳለሁ፣ እርስዎ የራስዎን ይዋጡ ብዬ ማልኩላቸው።

ነስሩዬ፣ አልረሳህም ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ስምህን እየጠራሁ ዱዓ ለማድረግ፣ ሐያት የተዳረች ቀን አባትሽ እንዲህ ነበር ብዬ ለመንገር፣ እናትህን ደግሞ እጃቸውን ይዤ ለመሸኘት እኔ መቆየት አለብኝ። ሰኞ ጠዋት ልለካ እሄዳለሁ። ፈርቻለሁ፣ ግን እሄዳለሁ።

ራሕማህ