ክር ያለው ሸክላ

መሐል ሜዳ፣ ጥር ፳፻፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ ወዳጄ ለአቶ እምሩ፤

በሱፍ ባና ሽመናቸው የሚኮሩትን፣ በእንግድነት ያረፍሁባቸውን አቶ ጫኔን፣ ልጃቸው ህሊና ጃፓን ድረስ ሄዳ የተማረችው ሸክላ ሥራ ነው መባሉ በጎረቤት ፊት አንገታቸውን አስደፍቷቸው ሰንብቶ ነበር። ዛሬ እርሷ የፀሐይን ዓይነት እሳት አምቆ መብራት እንዲያመነጭ ለታሰበው ምድጃ ግድግዳ የሚሞከረውን ጥቁር ጠፍጣፋ ሸክላ ከቦርሳዋ አውጥታ በመዶሻ ስትመታው፣ እኔ አዲስ አበባ እንደምንበላበት ሳህን እንክትክት ይላል ብዬ ዓይኔን ብጨፍንም፣ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም።

«ምን ያዘው?» አሉ አባት።

«ውስጡ እሳት የሚችል ክር አለ፣ አባዬ። መጀመሪያ ይሸመናል፤ ከዚያ ሸክላው በመካከሉ ይሞላል። ስንጥቁ ክሩ ላይ ሲደርስ ይገታል።»

«ድርና ማግ አለው?»

«አለው እንጂ!»

አቶ ጫኔ ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉና፣ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው፣ «አንቺ ሸዋረግ! ነይ እዪልኝ፤ ልጄ ሸማኔ ናት!» ሲሉ ተጣሩ።

የፖስታ ካርዱ ጠበበኝ፤ ለወይዘሮ እስከዳርና ለቤተሰቡ ሁሉ የናፍቆት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ያ ክር ከምን እንደሚፈተል እኔም ልጠይቃት ብሻ፣ ጎረቤቱ ከብቧት ተራ አላገኘሁም።

ወዳጅዎ ታዲዮስ