ቢሮ ሲገባ የሚድነው ባለቤቴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሐኪሞቹ ገና በሃምሳ ዓመቱ የመርሳት በሽታ ይዞታል ካሉ ወዲህ ባለቤቴ ማስተማር አቁሟል። ዛሬ የጤና ጉድለት ጡረታውን ለማስጨረስ ከአማን ሰፈራችን በባጃጅ ሚዛን ከተማ ወዳለው የጡረታ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ የድሮ ተማሪው ሆኖ ተገኘ።

«ቲቸር፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለው።

«ምንም። ነገ ክፍል እገባለሁ» ብሎ የዘጠነኛ ክፍሉን ጂኦግራፊ ሳይደነቃቀፍ ይተርክለት ጀመር። ጠዋት የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶት ጓዳ ውስጥ ሲዞር ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንዴ እንኳ በተሳሳተ ብዬ ተመኘሁ። ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?

ኃላፊው እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እሳቸው እኮ ከኔ ይሻላሉ። የሕክምና ቦርዱ እንደገና ይያቸው።»

ንዴቴን ውጬ ተነሣሁ። ደጅ ስንደርስ እጄን ያዘና «አየሽ፣ አላሳፈርኩሽም» አለኝ።