የአገዳው ግድግዳና የከማል ቴሌቪዥን

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

አቧራው ቀይ አልነበረም። ከማል መብሻውን አራት ቦታ ከተተ። መጀመሪያ የሲሚንቶ ዱቄት ወጣ፣ ከዚያ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ገለባ የመሰለ ነገር። የጡብ ግድግዳ ቢሆን ቀይ ይወጣ ነበር። እሱ ዓይኑ መስቀያው ብረት ላይ ስለሆነ አላየም። እኔ በነጠላ ጫማዬ አቧራውን ገፋ ገፋ አድርጌ የገመድ አልጋው፣ አንገረቡ ሥር ከተትኩት።

እና ተሰቀለ። ቴሌቪዥኑ በር ያክላል። ጎረቤት ተጠግተው የቆዩ የካርቱም ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለከማል ሸጡለት። ሦስት ጎረምሳ ተሸክሞት ገባ። ከማል የልጄ የዘይነብ ባል ነው፤ እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ ደግ፣ ሰውን ቶሎ የሚያምን። ስንት ዓመት ተጫወትኩበት።

ለዚህ ደብተር ልናገር። ያ ግድግዳ ጡብ አይደለም። የማሽላ አገዳ ነው፤ በጭቃ የተመረገ፣ ላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የከማል አባት ልጃቸው የሚገባበትን ክፍል ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። እኔ ያለኝ አንድ ሰፊ ቤት ነው። ለሁለት ልክፈለው ብል የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ግንበኛው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ፋሽጋ እርሻ ወርዷል። ራሴ አራት እንጨት አቆምኩ፣ አገዳ አሰርኩ፣ መረግኩ። በሩ አጠገብ ብቻ፣ እንግዳ በሚደገፍበት በኩል፣ አንድ ክንድ ያህል እውነተኛ ጡብ ደረደርኩ። ሰውዬው መጡ፣ እዚያው ላይ አንኳኩ፣ "ማሻአላህ፣ ጠንካራ ነው" አሉ። "ከዚህ የሚጠነክር የልጅዎ ራስ ብቻ ነው" አልኳቸው። ተሳሳቅን። ወላሂ አላልኩም፤ እሱን ተጠንቅቄያለሁ።

ዛሬ ከማልም እዚያው አንኳኳ። እንደ አባቱ።

የልጅ ልጄ ሀያት አራት ዓመቷ ነው። ልክ ከሥሩ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ሰብራ ወደ ላይ ታያለች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ከሱብሒ ሶላት መልስ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በቴሌቪዥኑ የላይ ጠርዝ ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ከወረደ ያሳብቃል።

የምፈራው፦ ብሎኑን። ዝናቡን። ምስጡን። ዘይነብ በር ስትዘጋ ቤቱ የሚነቃነቀውን። ከማል ማወቁን። ከሁሉ በላይ ሀያት ከዚያ ቦታ አለመነሳቷን።

ላስነሳት ሞከርኩ። "ሀያትዬ፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ሰዎች የእግርሽ ሽታ አስቸገረን፣ ራቅ ትበል ብለዋል" አልኳት። እግሯን አሸተተችና ወጣች። ተንፈስ አልኩ። ትንሽ ቆይታ ሳፋ ሙሉ ውሃ እየጎተተች መጣች፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠችው፣ ገብታ ትታጠብ ጀመር። "አሁንስ ይሸታል? ጠይቃቸው" አለችኝ። ውሃው ተርፎ ወደ ግድግዳው ሥር ሄደ። ጭቃ ላይ ውሃ። በሽርጤ አደረቅኩት፣ ተንበርክኬ። ዘይነብ አይታ "ዛሬ ደግሞ ቤት ማጽዳት ጀመሩ?" አለች። ነገሩን በሳቅ ሸፈንኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ሲነጋጋ የጀመረው ዝናብ እስከ ረፋድ አላባራም። መስመሩን ሄጄ አየሁ። በቀኝ በኩል በመስመሩና በቴሌቪዥኑ መሀል ጣቴ ይገባል። ትናንት ወረቀት አይገባም ነበር።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይራገማል። እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ካሕረባው፣ መብራቱ፣ ከሌለ ሀያት ግቢ ወጥታ ትጫወታለች። እስከ ዐስር ሶላት ጠፍቶ ዋለ። ደግ ቀን ነበር። ሲመጣ ከእኔ ቀድማ ሮጠች።

ያለኝ መላ አንድ ነው፤ እሷን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ራሴ ከሥሩ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ። ቢወድቅ መጀመሪያ እኔን ያገኛል። ዘይነብ ሻይ ይዛ ገባች። "አባባ፣ ካርቱን በጀርባ ነው እንዴ የሚታየው?"

"ልጅሽ ስትስቅ አያለሁ። እሱ ይበልጥብኛል።"

ውሸት አልነበረም። ግን ጀርባዬ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ የሚረግፍ አፈር ድምፅ እሰማ ነበር። ሸር፣ ሸር። ሰሊጥ ከቀዳዳ ጆንያ እንደሚወርደው።

እራት ላይ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከማል ቀደመኝ። "ያንን ግንበኛ አላህ ይማረው አባባ። ይሄ ግድግዳ ባይኖር የት እሰቅለው ነበር?" ግንበኛው የጋላባት ሰው ነበር፣ ሞቷል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አስጠራልን እንዳይሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላልተወለደ ሰው ዱዓ ያደርግለታል። "አሚን" አልኩና እራቴን በላሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ዘይነብ ሀያትን ይዛ ገበያ ወጣች። ከማል ሱቅ ነው። በመኝታ ክፍሉ በኩል ገባሁ።

እንጨቶቹ የት እንደቆሙ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጤነኛ ከሆኑ አንድ ተረት ፈጥሬ ብሎኖቹን ወደ እንጨቶቹ አዛውራለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል፤ ሐሳቤ ይህ ነበር። ሰሊጥ ስነግድ የነበረችኝን የጆንያ መስፊያ መርፌ አወጣሁ። ስንዝር ተኩል ትሆናለች። የመጀመሪያው እንጨት ባለበት ወጋሁ። እስከ እጄ ገባች። ሳወጣት ጫፏ ላይ ዱቄት። ሁለተኛው፣ ዱቄት። ሦስተኛው ላይ መውጋት እንኳን አላስፈለገኝም፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ሰረጎደ። ምስጥ ጨርሶታል። የቀረው አራተኛው ነው፣ ከጡቡ አጠገብ ያለው፤ እሱ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ያንን ሁሉ ክብደት የያዘው የሲሚንቶ ልስን ነው። የጣት ውፍረት።

አንገረቡ ላይ ተቀመጥኩ። መርፌዋን ጠርጌ ኪሴ ከተትኳት።

ማታ ከማል ደስ ብሎት ገባ። "ነገ ከጁምዓ በኋላ ጓደኞቼ ኳስ ሊያዩ ይመጣሉ። ልጆቻቸውንም አምጡ ብያለሁ።"

"ሌላ ቤት ኳስ አይታይም?"

"አባባ ደግሞ፣ ስኳር እንዳያልቅ ፈርተው ነው?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ስጽፈው ያ ሳቅ ያስጠላኛል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ስድስት ወንዶች መጡ። ሰባት ልጆች ከቴሌቪዥኑ ሥር ተደረደሩ፣ ሀያት መሀል፣ እንደ ባለቤት። እኔ የምቀመጥበት ቦታ አጣሁ።

ከማል የቤቱን ታሪክ ሊያወራ ተነሳና ግድግዳውን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። ጡቡ በኩል አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ ጎን። ሀያት ፀጉር ላይ አፈር ወረደ። አራገፈችውና ወደ ላይ ማየቷን ቀጠለች።

ተነሳሁ። "ከማል፣ ልጆቹን አንሳ። ግድግዳው አገዳ ነው።"

ሁሉም ሳቀ። ከማል ከሁሉ በላይ። ፀጉር አስተካካዩ ዑመር "ሐጂ፣ ባለፈው ሱቅህ ተቃጠለ ብለው በባዶ እግሬ ያስሮጡኝ እርስዎ አይደሉ?" አለ። የባሰ ሳቁ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ። የሞተ ግንበኛ የለም።"

"ሞቷል ብለውን አይደል ዱዓ ስናደርግለት የኖርነው?" አለ ከማል፣ እንባውን እየጠረገ።

ወላሂ አልኩ። ሳቁ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም። አንዱ "ሐጂ ዛሬስ ጠንከር አርገዋታል" አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ እውነት መናገሪያ ድምፅ አልተረፈኝም። ልጆቹ ግን ከሥሩ ናቸው።

መርፌዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከከማል አጠገብ ቆሜ ግድግዳው ላይ ጫፏን አሳረፍኩ፣ በጫማዬ ተረከዝ አንድ ጊዜ መታኋት፣ ከዚያ በእጄ ገፋኋት። እስከ መጨረሻው ገባች። ከግድግዳው ወዲያ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከእንግዶቹ ሚስቶች ጋር የነበረችው ዘይነብ "ይሄ መርፌ ከየት ወጣ?" ስትል ሁላችንም ሰማን።

ከማል መጀመሪያ ሀያትን ነጥቆ ለዑመር አቀበለ። ከዚያ ሌሎቹን ልጆች። ከእንግዶቹ አራቱ ቴሌቪዥኑን ከሥር ደገፉ። እሱ የላይኛውን ብሎን ሊፈታ መፍቻ አነሳ፤ አላስፈለገውም። ብሎኑ በጣቱ ወጣ፣ ከነፕላስቲኩ፣ እንቁላል ከሚያህል ጭቃ ጋር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ብቻ ነበር ትንሽ ያንገራገረው።

እንግዶቹ ሲወጡ ጭቃውን በእጁ እንደያዘ ጠየቀኝ። "መቼ ነው ያወቁት?"

"ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ" አልኩ፣ ፈገግ ብዬ።

እሱ አልሳቀም። "እንደሚወድቅ መቼ አወቁ?"

"ሰኞ።"

"ከሰኞ ጀምሮ ልጄ እዚህ ሥር ስትቀመጥ።"

እኔም አብሬያት ተቀምጫለሁ ልለው ነበር። አላልኩም። እኔ ብሞት ዕድሜውን ጠግቧል ይባላል፤ እሷ ሌላ ናት። ጭቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ከማል የብየዳ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ሁለት ወፍራም ብረት አቆሙ፣ ከወለሉ ሲሚንቶ እስከ ጣሪያው ብረት፤ ከታችም ከላይም ተሰካ፣ መሀሉ ላይ አግዳሚ ተበየደ። መስቀያው እዚያ ላይ ታሰረ። ግድግዳው ምንም አይሸከምም፤ ዝናቡ ሲያልፍ ራሱም ይፈርሳል። ከማል አግዳሚውን በሁለት እጁ ይዞ እግሩን ከመሬት አነሳ። ሃያ ድረስ ቆጠረ። ሠራተኛውንም ተንጠልጠል አለው። እኔን አልጠየቀኝም። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም።

ምሳ ላይ ዘይነብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ከማል ምን አለ መሰለዎት? አባባ እውነት ሲናገሩ እጃቸውን ያንሱ፣ አለበለዚያ ማን ይለየዋል፣ አለ።" ቀልዶ ይሁን አምርሮ ጠየቅኋት። አላውቅም አለች።

ዐስር ሰግጄ ስመለስ ከማል ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ ይቀርፍ ነበር። ፊቱ ቆምኩ። ቀኝ እጄን አነሳሁ።

"ለስሜ ፈርቼ ነው" አልኩት። "ልጅህን ከስሜ በታች አስቀመጥኳት። አውፍ በለኝ።"

ቀና ብሎ አላየኝም። እጄን አላወረድኩም። ሀያት ከቤት ወጥታ አየችኝና ጨዋታ መስሏት እሷም እጇን አነሳች፣ ከጎኔ ቆመች። ክንዴ መዛል ጀመረ።

"እጅዎን ያውርዱ፣ አባባ" አለ ከማል፣ ጥፍሩን እያየ።

አወረድኩ። አውፍ ማለቱ ይሁን ለክንዴ ማዘኑ አልጠየቅኩትም። ሀያት ግን የእሷን አላወረደችም፤ ለእሷ አልተነገራትም።