የራውተሩ ሜሞሪና የእኔ ዝውውር

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ራውተሩ ደግሞ ወደቀ። ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሣ። ደመወዝ ክፍል ኔትወርክ ተቋረጠብን ብሎ ይጮኻል፣ መምህራን በር ላይ ተኮልኩለዋል፣ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። የትምህርት ጽ/ቤቱ ኃላፊ አቶ እንድሪስ አጥፍቼ እንዳበራው አዘዙ። ይኸን ለማዘዝ ነው እንግዲህ ዲግሪ የያዙት።

ራውተሩ የጸሐፊዋን የወ/ሮ ዘይነባን ዳንቴል ለብሷል። አቧራ እንዳይገባው በእጃቸው የሠሩለት። ውጭ የመካነ ሰላም ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ እሱ ከሥሩ ግሎ እጅ ያቃጥላል። ገፈፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ዳንቴሉ ተመልሷል። አነሣሁ። ከሰዓት መልሶ ለብሷል። ወ/ሮ ዘይነባን ለመንኳቸው፤ ራቁቱን እንዴት ይዋል፣ እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል አሉኝ። 

ግን ዳንቴሉ ብቻ አይደለም። ቀዝቅዞም ይሳሳታል። ማሽኑ የጻፈውን የስህተት መልእክት አነበብኩ። ያስቀመጠውን መልሶ ሲያነበው ሌላ ሆኖ ያገኘዋል፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። የመብራት መቆራረጥ ቢሆን ስህተቱ ቦታ አይመርጥም። ማስቀመጫው፣ ሜሞሪው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ምሳ ሰዓት
ሰው ሲወጣ ፈታሁት። ሁለት የሜሞሪ ካርድ አለው። ቦታ አለዋወጥኳቸው። ስህተቱም አብሮ ዞረ! መሰኪያው ደህና ነው፣ የታመመው አንዱ ካርድ ነው። እሱን አውጥቼ በቀረው አስነሣሁት። ይዘገያል፣ ግን አይወድቅም። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ማስታወሻዬ።

የምነግረው ሰው ባጣ ደሴ ለሐያት ደወልኩ። ባለቤቴ ስለ ካርድ ምን ታውቃለች፤ ወደ ደሴ ስላመለከትኩት ዝውውር ጠየቀችኝ። ልጃችን ስልኩ ላይ ፊቴን ስታይ እናቷ ትከሻ ሥር ተደበቀች። ሳቄ እዚያው አለቀ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
አልወደቀም። ይኸን ይዤ አቶ እንድሪስ ዘንድ ገባሁ፤ የዝውውር ማመልከቻዬንም አነሣሁ። ሁለቱን ባንድ ቀን! ጅል። በጣም አመሰገኑኝ። አንተን ለቀን ማን ሊሠራልን፣ አብሽር፣ የሚመጣው ዓመት እናያለን አሉ። አምናም እንዲሁ ብለውኛል።

ወ/ሮ ዘይነባ ሰምተው ኖሮ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፦ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ጎበዝ አይለቀቅም። ወላሂ፣ የበፊቱ ሹፌር መኪና ገጭቶ ነው ኮምቦልቻ የተዛወረው።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ዞኑ ደመወዝ ለምን ዘገየ ብሎ ጠይቋል። ዐርብ ግምገማ አለ። ዕቃው ተበላሸ ከተባለ ሌላ ይገዛ ሊባል ነው፣ በጀት የለም። ስለዚህ የሚፈለገው ጥፋቱ የሚጫንበት የሰው ስም ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታቸውን ሲያቋርጡ ገባኝ።

ካርዱን አውጥቼ ማሳየት እችላለሁ። እረታቸዋለሁም። ረትቼ ግን እዚሁ እቀራለሁ፣ ጎበዝ ተብዬ። አለዚያ ግለ ሂስ አድርጌ በቸልተኝነቴ ነው እላለሁ። ያኔ በደስታ ይሸኙኛል። መረረኝ። ማሽን ሲሳሳት ቢያንስ የት እንደተሳሳተ ይናገራል።

ዐርብ፣ ኅዳር 19፣ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል
ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሐያትን አላማከርኳትም፤ ታፍርብኛለች። አሁን ሳልፍ ራውተሩን አየሁት። ዳንቴሉን ለብሷል። እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ተውኩት። የታመመውን ካርድ መልሼ ልሰካበትም አስቤ ነበር፤ ያን ያህል ግን አልወረድኩም።

ወ/ሮ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ይጠሩኛል፣ ተሰብስበዋል። እነሣለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ልጄ ያባቷን ፊት ትልመድ እንጂ ጎበዝ መባሉ ይቅርብኝ።