ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጡት አባትሽ

አውሮራ፣ ነሐሴ 1988

ሳቢራዬ፣

እስካሁን ልቤ አልተረጋጋም። የአባትሽን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያንን አንድ ኔጋቲቭ አሳትሚልኝ ብለሽ አደራ ሰጥተሽኝ የለ? ወንድሜ ኡበይዳ ፎቶ ማተም የለመደው ማንም ሳያስተምረው ነው። ኔጋቲቩን ፀሐይ ሲመታው ሰማያዊ የሚሆን መድኃኒት የተቀባ ካርድ ላይ አድርጎ፣ በመስታወት ተጭኖ፣ በሚነዳው ታክሲ ዳሽቦርድ ላይ እንደ በርበሬ ፀሐይ ያሰጣዋል።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሽንት ቤት ደርሼ ብመለስ፣ ተሳፋሪ አግኝቶ ከነአባትሽ ወደ ሌክውድ ከተማ ነድቷል! የዚህ አገር ታክሲ እንደኛው እስኪሞላ አይጠብቅ፣ አንድ ሰው ይዞ ይከንፋል። ሲመለስ ካርዱ ፀሐይ በዝቶበት ነበር። በውሃ ስናጥበው ፊታቸው ሰማያዊው ውስጥ ሊሰምጥ ሲል ጮህኩ።

«አትደንግጪ፣ እስኪደርቅ ጠብቂ» አለኝ።

ደርቋል። ይህንንም የምጽፍልሽ በካርዱ ጀርባ ነው። ኔጋቲቩ ደህና ነው፣ ከእጄ አይወጣም። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ግን ለሳቸው ሳታሳዪ መጀመሪያ አንቺ ገልብጪና እዪው። አሁንም አባትሽ ናቸው?

ሰሀር