አባዬ፣ አጭሩን ለቀቁት

የኔ አባት፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላህ። ይህን የምጽፍልህ ዳውንታውን ኦክላንድ፣ ፓርኪንጋችን በር ላይ ካለችው ጠባብ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ነው። መኪና ሲገባ እያቋረጥኩ ስለሆነ ሐሳቤ ቢዘበራረቅ እንዳትቆጣ። ዛሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለቴ ወጥቼ ግቢውን ዞርኩት፣ ደንበኞች የተዉልንን የመኪና ቁልፎችም ያለምክንያት ደግሜ ደረደርኳቸው።

መጀመሪያ የቤዝቦሉን ወሬ ልንገርህ። አጭሩ ሄደ። ያ ቡድናችን ከታች ጀምሮ ያሳደገው፣ "ይሄ የቤት ልጅ ነው" እያልክ የምትኮራበት ተጫዋች ኮንትራቱ ሲያልቅ የሚገባውን ገንዘብ አልሰጡትም፤ ሌላ ከተማ ወሰደው። በሱ ፈንታ ስሙ የገነነ፣ ጉልበቱን የሚያመው መቺ አመጡ። ብትኖር ሬዲዮኑን ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ።

ስንከራከር ትዝ ይልሃል? በሬዲዮ የምትሰማው ጨዋታ መጨረሻው፣ ዘጠነኛው ዙር ላይ ሲደርስ ቁልፍ አልሰጥም ብለህ ደንበኛ ታስቆም ነበር፤ ደንበኛውም መናደዱን ረስቶ አብሮህ ያዳምጣል። እኔ "አባዬ፣ ዊን ማድረግ ከፈለጉ ትልልቆቹን ሳይን ያድርጉ" ስልህ፣ አንተ "ያሳደጉትን ሳያከብሩ የሰው ማምጣት ምን ይሉታል!" ብለህ ጠረጴዛውን ትመታለህ። ቡዙ ሲንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ሁለተኛውን ፓርኪንግ የከፈትን ጊዜ ምን ነካህ? ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ቅዳሜዬን እዚህ ያሳለፍኩት እኔ፣ የደንበኛን መኪና ገና ሳላየው በድምፁ የምለየው እኔ። የሁለቱም ማናጀር ያደረግከው ግን ሳን ፍራንሲስኮ ካለ የሰው ፓርኪንግ ያመጣኸውን ኃይሉን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅህ "አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ፣ የት ትሄጃለሽ?" ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። ግን አዝኜብህ ነበር፣ ሳልነግርህም ሞትክብኝ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ፤ ደግሞ በጣም ትናፍቀኛለህ።

ኃይሉ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽህም። እሱ ከመጣ ወዲህ አንድ መኪና ተጭሮብን አያውቅም። እማዬንም ያከብራታል። ባለፈው ሳምንት ግን ሳን ሆሴ ያለ አንድ ትልቅ ፓርኪንግ ማናጀር ሁኚልን አለኝ፤ እስከ አርብ መልስ ይፈልጋሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ለእማዬ ብነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ያንተኑ ቃል! "የቤት ልጅ አይደለሽ እንዴ፣ የት ትሄጃለሽ?"

ቆይ፣ መኪና መጣ።

ተመለስኩ። ዘጠነኛው ዙር ላይ ስታስቆማቸው ከነበሩት አንዱ ነው፤ መሞትህን አልሰማም ነበር። ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ስለ አጭሩ አነሳብኝ። "አልፈርድበትም" አለኝ። "የትም አይሄድም ብለው እኮ ነው የናቁት።"

ቁልፉን ሰጥቼ ሸኘሁት። መኪናው ከበሩ ሳይወጣ ሳን ሆሴ ደወልኩና እሺ አልኳቸው። ለእማዬ ማታ እነግራታለሁ፣ ታለቅስ ይሆናል።

ሰኞ እጀምራለሁ። የቡዙን ቁልፍ ለኃይሉ ሰቅዬለታለሁ። ሬዲዮንህን ግን አልሰጠውም፣ ይዤው እሄዳለሁ። እዚያም ዘጠነኛው ዙር ላይ ቁልፍ አልሰጥም፤ ለምን ለሚለኝ ሁሉ ያንተን ነገር እነግረዋለሁ። ቡድናችን ያሳደገውን በለቀቀ ቁጥርም ባንተ ፈንታ ጠረጴዛ እመታለሁ፤ አንዴ ለእሱ፣ አንዴ ለእኔ።

የቤት ልጅህ፣
ሰናይት